አርባ ሁለት ጆንያ አሜን

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አንድ ጨዋ ሰው ሌባ አስብዬ ነበር፤ ያውም ዲግሪ ለመያዝ ስል። ሰውየው ሳይሰርቁ፣ እኔም ሳልዋሽ። እንዲህ ያለውን ነገር ለመሥራት ትንሽ መማር ያስፈልጋል፤ ጨርሶ ያልተማረ ሰው አይችለውም።

ያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያኖረኝ ሙያ ፋይል ማውጣትና ያንኑ ፋይል መመለስ ነው። ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ ሲመጣ አዳራሽ ሰበሰቡንና ዲግሪ የሌለው ደረጃው ዝቅ እንደሚል ነገሩን። ከእኔ በታች የነበረው የጥበቃው ወንበር ብቻ ስለሆነ ነገሩ አሳሰበኝ። የድሮ ዲፕሎማዬን አቧራውን አራግፌ ማታ ማታ አካውንቲንግ መማር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዕለት ክፍል ስገባ መምህሩ መስያቸው ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ተቀመጡ» ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁና ሄጄ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻው ዓመት ለክረምቱ ሁለት ወር የተግባር ልምምድ ውጡ ተባልን። ልጆቹ አፓረንት ይሉታል። እነሱ ባንክም ኢንሹራንስም ገቡ። እኔ ደብዳቤዬን ይዤ በየቢሮው ስዞር ፀሐፊዋ ደብዳቤውን ታይና «አባት፣ ልጅዎ ራሱ ይምጣ እንጂ» ትለኛለች። ለሦስተኛዋ ፀሐፊ «እሺ፣ እልከዋለሁ» ብያት ወጣሁ። በመጨረሻ የእድራችን ዳኛ መርካቶ ከሚያውቋቸው አንድ ነጋዴ ዘንድ ወስደው አስረከቡኝ።

ነጋዴው ከስልጤ አገር የመጡ፣ እህል በረንዳ ምስርና ሽምብራ በጅምላ የሚሸጡ፣ በእኔው ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። በረንዳው ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው። ትንሽ ይናገራሉ፣ ብዙ ያስታውሳሉ። ደብዳቤዬን አንብበው ሲጨርሱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ተማሪው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ሀጂ።»

«አላህ ያበርታዎት።» ደብዳቤውን መለሱልኝና «ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። በር ላይ የነበሩት ወዛደሮች ግን ሳቁ፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ በረንዳው ላይ ስሜ «ጋሽ ተማሪው» ሆነ።

ሰፈሬ አማኑኤል ስለሆነ በእግሬ ነበር የምመላለሰው። ሰፈሬን የጠየቀኝ ሁሉ የአእምሮ ሆስፒታሉን አስቦ ከንፈሩን ይመጥልኛል። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ደብተር ይዤ ያየኝ ደግሞ አይጠይቀኝም፤ ዝም ብሎ ነው የሚመጠው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የዓመቱ ቆጠራ ደረሰ። የሀጂ መጋዘን ከሱቁ ራቅ ብሎ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚያወጣው ቅያስ ውስጥ ነው። ጠባቂው ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንኑ ቁልፍ ይዘዋል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

በሌላው ዓመት ቆጠራውን የሚይዙት ጋሼ ራሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ ግን ሀጂ «የተማረ ሰው አለን፤ እሱ ይያዝ» አሉ። ጋሼም «ደግ ነው፣ እኔም ልረፍ» አሉ።

መጋዘኑ ሁለት ክፍል ነው። የግራው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ስለነበር ምስሩ ሁሉ ወደ ቀኙ ክፍል ሊዛወር፣ ሲዛወርም ሊቆጠር ተወሰነ። የወዛደሮቹ አለቃ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው በር ላይ ይቆማል። እያንዳንዱን ጆንያ በእጁ መታ እያደረገ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ሃያ ሲደርስ «ሞላ» ይልና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ወዛደሮቹ የሚከፈላቸው በየሃያው ነውና። ጋሼ ለየ«ሞላ»ው አንዳንድ ባቄላ በጣሳ ውስጥ ይጥሉ ነበር። በመጨረሻ ባቄላውን ቆጥረው በሃያ ያበዙታል። አለቀ።

ጋሼ ጣሳውን ሲያቀብሉኝ መለስኩላቸው። «ባቄላው ለዘንድሮ ይቅርብን፣ ጋሼ» አልኳቸው። ቆጣሪ በሰው ቁጥር መመራት እንደሌለበት፣ እያንዳንዱን ዕቃ ራሱ መመዝገብ እንዳለበት ተምሬያለሁ። ባለመስመር ወረቀት፣ እስክሪብቶና መጻፊያ ሰሌዳ ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለአንድ ጆንያ አንድ ሰረዝ፤ አራት ሰረዝ ሲሞላ አምስተኛው በአራቱ ላይ ይጋደማል። ያማረ ሥራ።

አንድ ችግር ነበረብኝ። መነጽሬን የገዛሁት ከመንገድ ላይ አዟሪ ነው፤ ለማንበቢያ ብቻ። ሳደርገው ወረቀቴ ቁልጭ ይላል፤ ከወረቀቴ ማዶ ያለው ዓለም ግን ጉም ነው። ሳወርደው ዓለም ይመጣል፣ ወረቀቱ ይሄዳል። በየጆንያው ሳወርድና ሳደርግ መታየት ደግሞ እንደ ሽማግሌ ያስቆጥረኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዓይኔን ለወረቀቱ ሰጥቼ ጆንያውን በጆሮዬ ቆጠርኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አለቃው በዝናቡ ላይ ይጮሃል። በየሃያው መጀመሪያ «በረካ» ይላል፤ ከዚያ ቁጥሩ ይከተላል። ሃይማኖተኛ ሰዎች ናቸው፣ እህል ሲነኩ ይመርቃሉ ብዬ ደስ አለኝና በልቤ አሜን እያልኩ፣ ምርቃቱን አሳልፌ ለተከተለው ቁጥር ሰረዝ እየጣልኩ ዋልኩ። ሰረዝ የለመደ እጅ የቁጥሩን ስም አይሰማም፤ ድምፅ ሲመጣ አንድ ይጥላል። ሞላ፣ በረካ፣ አሜን፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። ያ ሰው ከስንት እየጀመረ እንደሚቆጥር አንዴ እንኳ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቆጠራው አለቀ። ሰረዞቼን ደመርኩ፤ ሰባት መቶ ዘጠና። የገቢና የወጪ ወረቀቱ የሚለው ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። ደግሜ ደመርኩ፤ ሠለስኩት። አርባ ሁለት ጆንያ ምስር የለም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልናገር፤ አሁን ምን እንዳይመጣብኝ ነው የምደብቀው። ደስ አለኝ። ጉድለት ያላገኘ ተማሪ በሪፖርቱ ላይ ምን ይጽፋል?

ሱቅ ስንመለስ ሀጂ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠዋል። ጋሼ ከጎኔ ቆመዋል፣ አለቃው በሩን ተደግፏል።

«ስንት?» አሉ ሀጂ።

«ሰባት መቶ ዘጠና።»

ሀጂ ወረቀት አላዩም። «ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ነው» አሉ።

«መሆን የነበረበትማ እሱ ነው» አልኩ። ይህችን አነጋገር ከመማሪያ መጽሐፌ ነው ያመጣኋት።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ራስህ ቆጥረሃል?»

«ራሴ ነኝ፣ ጋሼ። አንድ በአንድ።»

«እስቲ ድጋሚ ደምረው፣ ጋሽ ተማሪው» አለ አለቃው።

«ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።»

ድምሩማ ልክ ነበር።

ጋሼ ይከራከራሉ፣ ይምላሉ ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን አንገታቸው ላይ ወዳለው ቁልፍ ሰደዱና ያዙት። «ጎድሏል ካለ ጎድሏል» አሉ። ሀጂ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ምናልባት ቢክዷቸው ይሻላቸው ነበር። ተነሥተው ሄዱና መጋዘኑ ላይ የራሳቸውን ሁለተኛ ቁልፍ ቆለፉበት። «እስከ ቅዳሜ» ነው ያሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። ሰውየው የጎደለውን ያመጣል፣ አለዚያ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። እንዲያ ሆኖ ለሄደ ሰው ደግሞ ከአንዱ ተራ እስከ ሌላው ተራ ቁልፍ የሚያምነው አይገኝም። ጋሼ በስድሳ ምናምን ዓመታቸው ያላቸው ነገር ያ መታመን ብቻ ነበር።

ረቡዕ በበረንዳው ሻይ ቤት ከጋሼ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። የሰደባቸው የለም፤ ሰላም የሚሏቸው ግን ከሩቅ ነው። እኔን ደግሞ «ጋሽ ተማሪው» የሚለኝ ጠፋ። «ኦዲተሩ መጡ» ይሉና ወንበር ይለቁልኛል። የሻዬን ሂሳብ ማን እንደከፈለው ሳላውቅ ተከፍሎ አገኘዋለሁ። በረንዳውን ሳቋርጥ ሱቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መጥፎ ስሜት ነበር ብል እዋሻለሁ። አረማመዴን ሁሉ ቀይሬ ነበር።

ሐሙስ መምህሬ ሊጎበኘኝ መጣ። ከመጨረሻ ልጄ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ሪፖርቴን ቆሞ አነበበውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አባቴ፣ ይሄ ትልቅ ግኝት ነው። ሌሎቹ ልጆች ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ ስለመክረማቸው ነው የጻፉት። ኤ ነው።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ወጥ እያወጣች ሰማችኝና «ሰውየው ልጆች አሏቸው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ጆንያውን አንድ በአንድ ቆጥረህ ልጆቹን ሳትቆጥር መጣህ?»

ወጡ ጨው እንደበዛበት ነገርኳት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሽምብራ የጫነ አይሱዙ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ማራገፍ ሲጀምሩ እኔ ከጣሪያው ሥር ቆሜ እመለከታለሁ። ያን ዕለት የምጽፈው ስላልነበረ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ዓለም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አለቃው ከመኪናው ኋላ ቆሟል። የመጀመሪያው ወዛደር ጆንያ ተሸክሞ ወረደ። አለቃው ጆንያውን መታ አደረገና «በረካ» አለ። ወዛደሩ አለፈ። ሌላው ወረደ። መታ አደረገና «ሁለት» አለ።

ለካስ ምርቃቱ ከነጆንያው ነው የሚያልፈው።

ሃያ ሞልቶ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ጠበቅኩ። አሁንም በረካ፤ አሁንም አንድ ጆንያ አለፈ። ቀጥሎ ሁለት። ወደ እሱ ሄድኩ።

«አለቃ፣ አንድ የታለ?»

«የምን አንድ?»

«አንድ ሳትል ሁለት አልክ እኮ።»

«በረካ አልኩ እኮ፣ ፋዘር።»

«በረካማ ምርቃት ነው።»

ሳቀብኝ። «አንድ አላህ ብቻ ነው። ለሽምብራ አንድ ይባላል እንዴ? እኛ አገር እህል ሲሰፈር የመጀመሪያው በረካ ነው። አባቴም እንደዚሁ ነው የሚቆጥር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ ነዋ። ያን ቀን አንተ ስትጽፍም እንደዚሁ ነበር። ምነው?»

«ምንም» አልኩት።

ከመኪናው ጎን ዞሬ መነጽሬን አደረግኩና ኪሴ ውስጥ ባገኘሁት ደረሰኝ ጀርባ ላይ አካፈልኩ። ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ለሃያ፤ አርባ አንድ ጊዜ ሞልቶ አሥራ ሁለት ይተርፋል። አርባ አንዱ ሙሉና አንዱ ጎዶሎ፣ በጠቅላላው አርባ ሁለት ጊዜ ተጀምሯል። አርባ ሁለት በረካ። አርባ ሁለት ጆንያ ምስር አሜን ብዬ አሳልፌያለሁ። ከዚያም ተነሥቼ ጎደለ ብያለሁ።

የመኪናውን ጎማ ተደገፍኩ። እዚያው ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ አለቃው ሦስት እርምጃ ላይ ቆሟል። አልተናገርኩም። የመምህሬ ኤ አጓጉቶኝ ነው ብል ራሴን ማክበር ይሆንብኛል። መስከረም ላይ በመሥሪያ ቤቴ ደረጃ የሚደለድለውን ኮሚቴም አሰብኩ፤ ግን እሱም አይደለም። የፈራሁት ሳቃቸውን ነው። ኦዲተር ሆኜ ሦስት ቀን ከኖርኩ በኋላ ወደ ጋሽ ተማሪው መመለስ ሞት መሰለኝ። የአንድ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ በኩል፣ የእኔ ሦስት ቀን በሌላ በኩል፤ እኔም ቆሜ እመዝናለሁ።

እንደምንም ሱቅ ገባሁ። ሀጂ ለጁምዓ ሊወጡ ጫማቸውን እያደረጉ ነው። «ሀጂ፣ አንድ ነገር...» ስላቸው እጃቸውን አነሡ። «ከሶላት በኋላ።» ሱቁ ተዘጋ። አንድ ሰዓት ተኩል ከዚያ ነገር ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እግሬ ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ።

ጋሼ የተቆለፈው በር ደፍ ላይ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለቱን ቁልፎች ወደ ጀርባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። እስክጠጋቸው ድረስ ማን እንደሆንኩ አልለዩም። ሲለዩኝ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«መነጽርህን ስንት ገዛኸው?» አሉኝ።

«ከአዟሪ ነው፣ ጋሼ። አይረባም።»

«እኔ እሱንም አልገዛሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካቻምና ጀምሮ ዓይኔ እምቢ ብሏል። ሰውን የማውቀው በአረማመዱ ነው። የወጪ ወረቀት ሲያመጡልኝ ሰባቱንና ዘጠኙን አልለይም፤ አፍሬ አልጠይቅም፣ በግምት አስረክባለሁ። ለሀጂም አልነገርኩ። አንተ ጎደለ ስትል አውቄዋለሁ። ሰባት የሚለውን ዘጠኝ እያልኩ ሰጥቼ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ ይሞላል።»

«ጋሼ...»

«ሌባስ አይደለሁም። ግን ማየት ሳልችል ቁልፍ ይዤ መኖሬ ከዚያ በምን ይሻላል?» ደረታቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ። ኮታቸው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። «እቁቤን ለምኜ ቀድሜ ወሰድኩ። ግማሹን ቢሸፍን ነው። ለቀሪው ጊዜ እለምናቸዋለሁ። አንተን አልቀየምኩህም። ያየኸውን ነው የተናገርከው።»

ያየሁት ነገር እንደሌለ፣ ዓይኔ ወረቀት ላይ ተተክሎ እንደዋለ፣ አርባ ሁለቱም ጆንያ ከጀርባችን ባለው ክፍል ውስጥ እንዳሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«መጥቷል እኮ» አሉ። እውነትም መጥቶ ነበር፤ ጫማዬ ርሷል።

ሀጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሱቅ ገባን። አለቃውና ወዛደሮቹም ከዝናቡ ሸሽተው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ጋሼ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይሄን ለጊዜው ይያዙልኝ፣ ሀጂ። የቀረውን...» ሊጨርሱት አልቻሉም። ሀጂ ጥቅሉን ለማንሣት እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁ።

«አይንኩት» አልኩ።

እንዲያ ጮክ ብዬ የተናገርኩ አልመሰለኝም ነበር፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም አወጣሁት። መነጽሩን፣ ሰረዙን፣ በረካውን፣ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ያካፈልኩትን። ስናገር ሀጂ ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም።

«መጀመሪያውን ጆንያ አልቆጠርከውም?» አሉ። አንተ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«አልቆጠርኩትም።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«አሜን አልኩ።»

መሳቅ ነበረባቸው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የፈራሁት ያንን ነበር፤ አሁን ግን ቢስቁልኝ ብዬ ለመንኩ። የሳቀ የለም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አዝኖልኝ ነው» አሉ ለሀጂ። «አሁን መጋዘኑ በር ላይ ዓይኔ መድከሙን ነግሬዋለሁ። ሊያድነኝ ፈጥሮ ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ ያኔ አይነግረኝም ነበር? ስለ ዝናብ ነው ያወራኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የጠበበኝ ነገር የለም። ስሳሳት ያመኑኝ ሰዎች እውነቱን ስናገር አላመኑኝም። ያላመኑኝ ደግሞ ለራሳቸው ሲሉ ሊያምኑኝ የሚገባቸው ሰው ናቸው፤ ምክንያታቸውም ልክ ነው። ሀጂ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ጥቅሉን ሳያነሡት በጣታቸው ወደ ጋሼ መልሰው ገፉት።

«ነገ ጠዋት ይቆጠራል» አሉ።

«የወዛደሩ ሂሳብስ በማን ነው?» አለ አለቃው።

«በተማሪው።»

ያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳካፈልኩት አልናገርም። ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ለሃያ ከመኝታ በፊትም ከመኝታ በኋላም አርባ አንድ ነው። ቢሆንም ክፍልፋይ ወረቀት ላይ ነው፤ ምስሩ መጋዘን ውስጥ ነው። በእርግጥም በሰባትና በዘጠኙ የወጣ ካለስ? አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሌባ ሊባል ነው፤ ያውም ሁለተኛው እኔ ላድነው ስል።

ቅዳሜ ጠዋት ሀጂ ሁለቱንም ቁልፍ ራሳቸው ከፈቱ። ባቄላውን በጣሳ ይዘው በርጩማው ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ከግድግዳው ጥግ ቆመዋል። እኔ ያለ መነጽር፣ ያለ እስክሪብቶ፣ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጣሪያው ቢያፈስም ለቆጠራው ሲባል ምስሩ ከቀኙ ክፍል ወደ ግራው ይመለስ ጀመር።

«በረካ» አለ አለቃው። አሁንም በልማድ አሜን ልል ነበር።

ስምንት መቶ ጆንያ በዓይኔ ተሸክሜ አውቃለሁ። ቅልል ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። በየ«ሞላ»ው የሀጂ ባቄላ ጣሳው ውስጥ ጠብ ይላል። ሠላሳ ባቄላ ላይ ወዛደሮቹ አረፉ፣ ውኃ ጠጡ። አርባኛው ወደቀ። አርባ አንደኛው ወደቀ። ቀኙ ክፍል ሊራቆት ምንም አልቀረው።

«በረካ። ሁለት። ሦስት።»

ከዚህ በኋላ አሥራ ሁለት ካልሞላ ምን እንደምል አስቤ አላውቅም።

«ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ።»

ቀጣዩ ወዛደር ባዶ እጁን ወጣ። ላቡን ጠረገ። አለቃው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ የሚመታው ጆንያ የለም። ሀጂ ቀና አሉ። ጋሼ ምን እንደሆነ አይታያቸውም፤ ዝምታውን ግን ሰሙት፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ።

«አለቀ?» አለ አለቃው።

«አንድ የተቀደደ አለ፤ ከበሩ ኋላ ነው፣ ሲሸከሙት ይፈሳል» አለ ወዛደሩ።

«ታዲያ አምጣዋ።»

ገብቶ እንደ ሕፃን አቅፎት ወጣ፤ ምስሩ በክንዱ ሥር እየተንጠባጠበ። አለቃው ጆንያውን አልመታውም፤ እጁን ብቻ አሳረፈበት። «አሥራ ሁለት» አለ።

ሀጂ ባቄላውን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው ቆጠሩት። ከዚያ ተነሥተው ጋሼ ፊት ቆሙ። «ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት» አሉ፤ በዚያ ሁሉ ወዛደር ፊት። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

ጋሼ የቁልፉን ክር ከአንገታቸው አወለቁና ለሀጂ ዘረጉላቸው።

«ምን ማድረግዎ ነው?» አሉ ሀጂ። «ይኸው ሙሉ ነው እኮ።»

«ሙሉ ስለሆነ ነው። ዓይኔ አያይም፣ ሀጂ። ትናንት ብወጣ በረንዳው ሌባ ወጣ ይል ነበር። ዛሬ ብወጣ ሽማግሌ ወጣ ነው የሚለው።»

ሀጂ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ አሉ። ጋሼ ሐኪም ቤቱን እሺ አሉ፤ ቁልፉን ግን እጃቸውን ሳያጥፉ ይዘው ቆዩ። ሀጂ መውሰዱ ከበዳቸው። በመጨረሻ ወሰዱት።

ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ምስጋና የጠበቅኩ ይመስለኛል፤ እንዲህም ያለ ሰው ነኝ።

«ጻፈው» አሉኝ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ጎደለ ብለህ ጽፈህ የለ? ሙሉ ነው ብለህም ጻፍ። በቃል አይሆንም። ፊርማህን አድርግ፤ ሀጂም ማኅተማቸውን ያድርጉበት።»

በዚያ ክረምት የጻፍኩት ዋናው ሪፖርት አርባ ሁለቱ ጆንያ ሲወጣለት ሁለት ገጽ ሆኖ ቀረ። መምህሬ «አባቴ፣ ያኛው ይሻል ነበር» ብሎ አዝኖ ሲ ሰጠኝ፤ በሲውም ተመረቅኩ። ጋሼ ያጻፉኝ ግን ሦስት መስመር ነው። መነጽሬን አደረግኩና የሀጂ ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩት፤ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለኝም። ፈርሜ፣ ሀጂም ማኅተማቸውን አትመውበት ሰጠኋቸው።

ጋሼ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት። ከዚያ ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ሙሉ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። እሳቸውም የጣቴን ቦታ ተከትለው አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«እዚህ ጋ?»

«እዚያ ጋ፣ ጋሼ።»

አውራ ጣታቸውን ሳያነሡ ወረቀቱን በዚያው በኩል አጠፉት፣ ከእቁባቸው ጋር ኮታቸው ውስጥ ከተቱትና ወጡ። ወዛደሮቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አለቃው ዝናቡ እንዳይመታቸው ባዶ ማዳበሪያ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። እኔም ሂሳቤን ልከፍል ኪሴን መፈተሽ ጀመርኩ፤ ወዛደሮቹ ከበውኝ፣ አሁን ገና እየሳቁ፣ በየሃያው ስንት እንደሆነ ያስረዱኝ ነበር።